የሚጮህ ሳይሆን የሚያሰማ፤ ለኮምፒዩተር ጌም የሚሆን ትንሽ ሳውንድ ባር አመራረጥ

በዚህ ዕትም የማወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። ርዝመቷ አንድ ክንድ አይሞላም። ሳውንድ ባር ይሏታል። ከኮምፒዩተር ስክሪን ሥር ተጋድማ የምትቀመጥ፣ የግራና የቀኝ ድምፅ ማጉያ በአንድ ሣጥን የያዘች ዕቃ ናት። «መምህር፣ ስንቱ ችግር ተቀምጦ ስለ ጌም ድምፅ ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን በዚች ዕቃ ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት ሊቀያየም ሲል፣ ወላጅ ያዋጣውም ገንዘብ በከንቱ ሊቀር ሲል በዓይኔ ስላየሁ፣ ሌሎች ከእኛ ስሕተት ይማሩ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቻችን የሚሰበሰቡባት አንዲት ክፍል አለችን። ግድግዳዋ ከፊሉ ጭቃ፣ ከፊሉ ሸራ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። በውስጧ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አለ። ጠዋት ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስተምርበታለን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆቹ በየተራ የእግር ኳስ ጌም ይጫወቱበታል። የላፕቶፑ ድምፅ ግን ደክሟል። አሥራ አምስት ልጅ ከቦ ሲቆም የሚሰማው የፊተኛው ብቻ ነው። የኋላው «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ሲገፋ ጠብ ይነሣል። በትምህርት ሰዓትም የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲከፈት ያው ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ቃሉን ሳይሆን ጩኸቱን ነው የሚማረው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ወላጆች እንደየአቅማቸው አዋጡ። ከእንጀራ ሽያጯ ቀንሳ የሰጠች እናት አለች፤ ከራሽኑ ላይ ሸጦ ያመጣ አባትም አለ። ከወጣቶቻችን አንዱን ወደ ከተማ ላክነው። ልጁ በቅን ልቡ በሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁን፣ መብራቱ የሚብለጨለጨውን፣ በካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የሚል የተጻፈበትን ተሸክሞ መጣ። ሁላችንም አጨበጨብንለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም።

በዚያው ምሽት ትልልቆቹ ልጆች የተኩስ ጌም ከፈቱ። ድምፁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ልጆቹ ሲስቁ ከወዲያ ማዶ የልጅ ለቅሶ ተሰማ። ሮጠን ስንሄድ ከክፍላችን ሦስተኛ ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት የልጅ ልጆቻቸውን መሬት ላይ አስተኝተው በላያቸው ተደፍተው አገኘናቸው። እኚህ እናት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ጁባ ውስጥ ለቀናት ተኩስ ሲዘንብ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ። ይቅርታ ስንጠይቃቸው የመለሱልኝ ቃል እስካሁን በጆሮዬ አለ። «መምህር፣ እኔ ጌም መሆኑን በምን ልወቅ? ጥይት ሲጮህ ማን ነው የተኮሰው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?»

በማግስቱ ስብሰባ ተደረገ። ጌሙም ማጉያውም ይቅር ያሉ ነበሩ። ልጆቹ አቀረቀሩ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን አንድ አስተማሪያችን፣ ከኋላ ያለው ተማሪ አልሰማ ካለህ አትጩህ፣ ቃልህን አጥራ ይሉን ነበር። እኛ የገዛነው የሚጮህ ዕቃ ነው። የሚያስፈልገን ግን የሚያሰማ ዕቃ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይህን ብዬ አንድ ዕድል ስጡኝ አልኳቸው፤ እሺ ተባልኩ። በዚህ ምክንያት ነው ትልቁን ማጉያ በካርቶኑ አድርጌ፣ ላፕቶፑንም በቦርሳ ይዤ፣ በቦዳ ቦዳ ወደ አትላባራ የሄድኩት።

አትላባራ እንደምታውቁት ከጁባ ሰፈሮች አንዱ ነው። በስሙ የሚጠራ የእግር ኳስ ክለብ ስላለው ልጆቻችን ሰፈሩን ሳያዩት ስሙን ያውቁታል። አረብኛ ለሚሰማ ጆሮ ስሙ «ውጣ፣ ወደ ውጭ» እንደ ማለት ነው። እኔም መንገድ ላይ፣ የምንፈልገው እኮ ድምፁ አትላባራ የማይል ዕቃ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ጁባ ውስጥ ሱቅና ምግብ ቤት የያዙ የአገራችን ሰዎች ስላሉ ዕድለኛ ከሆናችሁ በአማርኛ ተከራክሮ መግዛት ይቻላል። እኔ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ታሪኩን ሲሰማ ትልቁን ለመለወጥ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያው ተቀምጬ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ! የተማርኩትን እነሆ።

1ኛ. ኃይሉን ከየት ያገኛል?

ለእኛ የመጀመሪያው ጥያቄ ድምፁ አይደለም፤ የፀሐዩ ባትሪ ነው። አንዳንዱ ሳውንድ ባር የራሱ አዳፕተር አለውና ከግድግዳ ሶኬት ይሰካል። አንዳንዱ ግን ከላፕቶፑ የዩኤስቢ ቀዳዳ በአንዲት ገመድ ኃይል ይወስዳል። ተራው የቀድሞ ዩኤስቢ (2.0 የሚባለው) በ5 ቮልት 500 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፤ ሲባዛ 2.5 ዋት ማለት ነው። ሰማያዊ ቀለም በውስጡ የሚታይበት ዩኤስቢ 3 አብዛኛውን ጊዜ 900 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 4.5 ዋት ይሰጣል።

እስቲ እንደ ተማሪ እናስላው። 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሲሞላ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው 300 ነው። ላፕቶፑ ጌም ሲሠራ 50 ዋት ቢወስድና ማጉያው በአዳፕተር 20 ዋት ቢበላ ድምሩ 70 ነው፤ አራት ሰዓት ከሩብ ያህል ያጫውታል። ማጉያው በዩኤስቢ 2.5 ዋት ብቻ ቢወስድ ግን ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ኢንቨርተሩ የሚበላውን ሳንቆጥር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። አንድ ሰዓት ደግሞ ለእኛ አንድ ሙሉ የትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ ወይም የብዙ ልጅ ተራ ነው።

ባትሪ በውስጡ ያለው ዓይነትም አለ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የውስጥ ባትሪ ከጊዜ በኋላ ይደክማል። ባትሪው ቢሞትም በገመድ መሥራቱን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

2ኛ. በካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አትመኑ

«1000 ዋት» የሚለውን ጽሑፍ ባለሱቁን ስጠይቀው ሳቀ። «መምህር፣ ይኼ እኮ ለገበያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አንዳንድ አምራቾች ለቅጽበት ብቻ፣ እሱንም በወረቀት ላይ የሚታሰብ ከፍተኛ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው ይህ ነው። የሚጠቅመው አር.ኤም.ኤስ. ተብሎ የተጻፈው ነው፤ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ማለት ነው። የአዳፕተሩንም ጀርባ አንብቡ። 12 ቮልት 2 አምፔር የሚል ከሆነ የሚገባው ኃይል 24 ዋት ነው። 24 ዋት የገባበት ዕቃ ያለማቋረጥ 1000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። አንድ ጣሳ ውኃ ያስገባ ሰው በርሜል ሙሉ አይቀዳም።

ደግሞም ዋት በእጥፍ ስላደገ ድምፅ በእጥፍ አያድግም። ኃይሉ ሁለት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን የሚያውቀው በጭንቅ ነው። ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ስለዚህ የ5 እና የ10 ዋት ዕቃ ተጎራብተው ብታዩ በዋቱ ምክንያት ብዙ ገንዘብ አትጨምሩ። ከስክሪኑ ፊት ለተቀመጠና ከኋላው ለከበበ ልጅ ትንሹ ይበቃል።

3ኛ. ፊደል ይለያል ወይ?

ይህ የእኔ የአስተማሪው ፈተና ነው። ትልቁ ማጉያ ድም ድም የሚለውን ወፍራም ድምፅ እያጎላ ንግግሩን ይውጠው ነበር። የሰው ቃል የሚለየው ግን በቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ሰን ከሸ፣ ጠን ከተ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ወፍራሙ ድምፅ በተፈጥሮው ግድግዳና ሸራ አልፎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ቀጭኑ ግን ቶሎ ይደክማል። ትንሽ ሳውንድ ባር ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ማውጣት አይችልም። ሻጮች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። ሸራ ለሸራ ተጠግቶ ለሚኖር እንደ እኛ ላለ ሰው ግን በረከት ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄዴ በፊት በስልኬ የራሴን ድምፅ ቀድቼ ነበር፤ «ሰማ፣ ሸማ። ጠራ፣ ተራ። ልጁ መጣ፣ ልጁ መታ።» ይህን በእያንዳንዱ ማጉያ ላይ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩና አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሁለቱ ማጉያዎች ላይ መጣና መታ አንድ ሆኑብኝ፤ ተውኳቸው። ባለሱቁ መጀመሪያ ያበድኩ መስሎት ነበር። በኋላ ግን ራሱም እየሰማ «ይሄኛው ጠ ይላል፣ ያኛው አይልም» እያለ ይረዳኝ ጀመር።

ቀጥሎ እስከ መጨረሻው አጩሁትና የሚንጫረር ነገር እንዳለ ስሙ። ከዚያ እስከ ታች አውርዱትና ግራና ቀኙ እኩል መሥራቱን እዩ። ርካሽ ዕቃ ዝቅ ሲል አንዱ ጎኑ ይጠፋል። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሰካ «እምም» የሚል ድምፅ ከመጣም መንቀልና መሰካት እያደረጋችሁ ለዩት፤ ችግሩ ከማጉያው ሳይሆን ከቻርጀሩ ሊሆን ይችላል።

4ኛ. ገመድ ወይስ ብሉቱዝ?

ብሉቱዝ ለዘፈንና ለስብከት ጥሩ ነው። ለጌም ግን ይዘገያል። ድምፁ ከሥዕሉ አንድ አሥረኛ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ሁለት አሥረኛ ያህል ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ልጁ ኳሱን መትቶ ጎሉ ከገባ በኋላ የእግሩ ድምፅ ሲመጣ ጨዋታው ይበላሽበታል። ስለዚህ ባለ ገመድ ውሰዱ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ሳውንድ ባር በዩኤስቢ የሚወስደው ኃይል ብቻ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው በሌላ ገመድ፣ በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በኩል ነው። የላፕቶፓችሁ ቀዳዳ የተበላሸ ከሆነ ይህ አይሠራላችሁም። ድምፁንም ኃይሉንም በአንድ የዩኤስቢ ገመድ የሚወስደውን ፈልጉ። ላፕቶፑን ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው።

«7.1» ወይም «ሰራውንድ» የሚል ጽሑፍም አያታልላችሁ። ሰባት ማጉያ በአንድ ክንድ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ በዘዴ የተመሰለ ነው። የግራና የቀኙ ልዩነት የሚሰማው ፊት ለፊት ተጠግቶ ለተቀመጠው ልጅ ነው። ጠላት ከየት ጎን እንደመጣ በእግር ኮቴ መለየት የሚፈልግ ተጫዋች ከየትኛውም ሳውንድ ባር ይልቅ የጆሮ ማዳመጫ ይሻለዋል።

5ኛ. የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ጆሮም ይጠበቅ

በእኔ ሚዛን ከሁሉ የበለጠው ይህ ነው። ከፊት ለፊቱ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው፣ ማዳመጫው ሲሰካም የራሱን ድምፅ የሚዘጋ ይሁን። የተኩስ ድምፅ ያኔ ከልጁ ጆሮ ወዲያ አይሻገርም። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ማዳመጫ የሚሰካበት ትንሽ ማከፋፈያም በገበያ አለ።

ማዳመጫው ግን የራሱ አደጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ለሕፃን ደግሞ ከ75 እንዳይበልጥ ይመክራል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት አንድ ሕፃን 90 ዴሲቤል ቢያዳምጥ የሳምንቱ ድርሻው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቢ.ኤም.ጄ. ፐብሊክ ሄልዝ በተባለ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ከ50,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 14 ጥናቶችን መርምሮ፣ የጌም ድምፅ ብዙ ጊዜ ለጆሮ አስጊ ወደሚባለው መጠን እንደሚጠጋ ወይም እንደሚያልፍ አመልክቷል። እንደ ተኩስ ያለ ድንገተኛ ድምፅ እስከ 119 ዴሲቤል የተለካበት ጊዜ አለ። የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። እዚህ የጆሮ ሐኪም ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለእናንተ አልነግርም።

መለኪያ የለንም አትበሉ። ድምፁ ተከፍቶ አንድ ክንድ ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ድምፁ በዝቷል። ማዳመጫ ሲሆን ከመጨረሻው መጠን 60 በመቶ እንዳያልፍ አድርጉ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ጆሮው ጭው የሚልበት ልጅ ካለ ያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለቀናት ይረፍ።

6ኛ. መቆጣጠሪያው በእጅ የሚዞር ይሁን

ቁልፍ በመጫን ከሚጨምር ይልቅ በጣት የሚዞር መቆጣጠሪያ ያለውን መርጫለሁ። ለምን እንደሆነ በመጨረሻ ታያላችሁ። አቧራችንንም አስቡ፤ ፊቱ በወፍራም ጨርቅ ወይም በብረት ወንፊት የተሸፈነ ይሻላል። ማታ ማታ በነጠላ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ዝናብ ሲመጣ ከሸራው በኩል አርቁት። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ፓውንዱ እኔ ጽፌ ይህች ወረቀት እስክትታተም ድረስ ይለወጣልና። ትልቁን መልሰን ትንሹን ስንወስድ ግን ገንዘብ አልጨመርንም፤ ለሁለት የጆሮ ማዳመጫና ለአንድ ማከፋፈያም ተረፈን።

ለመሆኑ ጌም ምን ይጠቅማል?

ይህን ጥያቄ በስብሰባው ላይ አንድ አባት አንሥተው ነበር። እኔም የአንድ የደቡብ ሱዳን ልጅ ታሪክ ነገርኳቸው። ሉዋል ማየን ይባላል። ቤተሰቡ ጦርነት ሸሽቶ ሲጓዝ የተወለደ፣ በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ያደገ ሰው ነው። ኮምፒዩተር እንደሚፈልግ ለእናቱ ሲነግራት እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠራቅማ በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዛችለት። እሱም ላፕቶፑን ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር። በራሱ ተምሮ ጌም መሥራት ጀመረ። ኋላም በአሜሪካ ጁኑብ ጌምስ የተባለ ድርጅት አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በታላቁ የጌም ሽልማት መድረክ ላይ ተከበረ። «ሰላም» ብሎ በሰየመው ጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ ጦርነት የሚሸሽ ስደተኛ ነው፤ የሚያስፈልገውም ምግብ፣ ውኃና መድኃኒት ነው። ታሪኩን ስጨርስ አባትየው ዝም ብለው ቆዩና «ሦስት ዓመት አጠራቀመች?» ብለው ስለ እናትየው ብቻ ጠየቁኝ።

ልጆቻችን ሁሉ እንደ እሱ ይሆናሉ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያቺ ክፍል ከሰዓት በኋላ ልጆቻችን የት እንዳሉ የምናውቅባት ቦታ ናት። ክፍሏ የጎረቤትን እንቅልፍ ከነሣች ትዘጋለች፤ ከተዘጋች ደግሞ ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። ሳውንድ ባሩን ይዤ እንደተመለስኩ ልጆቹን ሰብስቤ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድን። «እማማ፣ ልኩን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት» አልናቸው። እሳቸው በቤታቸው ተቀመጡ፤ ልጆቹ በክፍሉ ውስጥ ጌሙን ከፈቱ፤ አንዱ ልጅ በሁለቱ መካከል ቆመ። መቆጣጠሪያው ቀስ እያለ ዞረ። እማማ «በቃ!» ሲሉ መካከል ያለው ልጅ «ቲቸር፣ በቃ ብለዋል!» ብሎ ጮኸ። እዚያው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግንበት። ከኋላ የቆሙትን ልጆች «ይሰማል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ይሰማል አሉ። እኔም አልቀረሁም፤ «መጣና መታ ይለያል?» አልኩ። ይለያል አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሕጋችን ሁለት ነው። መቆጣጠሪያው ቀዩን ነጥብ አያልፍም። ተኩስ ያለበት ጌም ያለ ጆሮ ማዳመጫ አይከፈትም። ሕጉን የሚያስከብሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንዴ አንዱ ሊያሳልፍ ሲል ትንሿ ተማሪዬ «እማማ ይሰማሉ!» ብላ እጁን ያዘችው። እማማም አልፎ አልፎ በበራችን ብቅ ይላሉ። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጃቸው ጎል ሲያገባ ደርሰው «ማን አሸነፈ?» ብለው ጠየቁ።

እንግዲህ በየካምፑ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለልጆቻችሁ ድምፅ ማጉያ ልትገዙ ስትነሡ ላፕቶፑንና የተቀዳ ንግግር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሄዳችሁም በፊት ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ቸር እንሰንብት።